ሦስት ደቂቃ በደቻቱ አሸዋ ላይ

ዛሬ ጠዋት በምሠራበት ፋብሪካ አንድ ወጣት መሐንዲስ የማሽን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ውስጥ የሆነ ነገር ቀይሮ ለማንም ሳይናገር ተወው። ስጠይቀው፣ «ትንሽ ናት፣ ለወሬም አትበቃም» አለኝ። ልቆጣው አስቤ አቃተኝ። ምሳዬን ትቼ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ያደረግኩት ነገር ፊቴ ድቅን ብሎ ነበር።

ያኔ እዚሁ ድሬ ዳዋ የአራተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ። ሃርድዌርንና ሶፍትዌርን አብሮ ስለመንደፍ አንድ ኮርስ እንወስዳለን። መምህር ግርማ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር አሰመሩና፣ «ከዚህ በላይ ሽቦ ነው፣ ከዚህ በታች ፕሮግራም። የትኛው ሥራ በየትኛው በኩል እንደሚሠራ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ተማክራችሁ ትወስናላችሁ» አሉን። እኔ ከራምላ ጋር ተመደብኩ። ራምላ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ስለነበሩ ሽቦ መበየድ የለመደችው በልጅነቷ ነው። እኔ የከዚራ ልጅ ነኝ፣ የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ፤ ከሽቦው ይልቅ የሚቀናኝ ኮምፒውተሩ ነበር።

የፕሮጀክቱን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት። ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ደንገጎ ተራራ ላይ ከዘነበ ከተማውን የሚከፍለው ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። አሸዋው ላይ ደግሞ ሰው ይሻገራል፣ ይነግዳል፣ ግመል ያሳርፋል። ስለዚህ ከገበያው ወደ ላይ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ምሰሶ ተከልን። ምሰሶው ላይ ውሃ ሲመጣ ከፍ የሚል ተንሳፋፊ አሰርንና ሽቦውን በወንዙ ዳር ባለው ግንብ ሥር ስበን ገበያው ዳር ካቆምነው የማስጠንቀቂያ ሳይረን ጋር አገናኘነው። ራምላ በአንድ ነገር ላይ ድርቅ አለች። ተንሳፋፊው ከፍ ሲል ሳይረኑ በሽቦው በኩል በቀጥታ ይጩህ እንጂ ፕሮግራም መሃል እንዳይገባ ፈለገች። «አንተ በፕሮግራምህ ውሃው ስንት እንደደረሰ መዝግብበት። ጩኸቱን ግን ለሽቦው ተውለት አቦ» አለችኝ። ተስማማሁ።

ሚያዝያ ነበር፤ ድንጋዩ ሁሉ እንደ ምድጃ የሚግልበት ወቅት። ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልለን፣ የግመል ወተት ሻይ በፌስታል ይዘን አሸዋው ላይ እንውል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ትምህርት እንደዚያ አልጣመኝም።

ሥራችንን ልናቀርብ አንድ ቀን ሲቀረን አንዲት ፍየል ምሰሶውን ታከከችውና ሳይረኑ ጮኸ። ገበያው ተደናገጠ። አትክልት ሻጯ አዴ ፋጡማ ቲማቲማቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ግንቡ ላይ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ፍየሏ ተመልሳ መጣች። ያኔ አዴ ፋጡማ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። «ልጆች፣ ሁለቴ ዋሽታችኋል። በሦስተኛው የሚሰማችሁ የለም» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ራምላ ሳትመጣ ብቻዬን ወርጄ፣ ከተንሳፋፊው በቀጥታ ወደ ሳይረኑ የሚሄደውን ሽቦ ቆረጥኩና የእኔ ፕሮግራም በሚሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በኩል እንዲያልፍ አደረግኩት። ተንሳፋፊው ሦስት ደቂቃ ሙሉ ከፍ ብሎ ካልቆየ ሳይረኑ እንዳይጮህ አዘዝኩ። ለራምላ አልነገርኳትም። ብነግራት ትከራከረኛለች፤ ለክርክር ደግሞ ጊዜ የለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በአሥር ሰዓት መምህር ግርማና የክፍል ጓደኞቻችን ገበያው ዳር፣ ሳይረኑ አጠገብ ተሰበሰቡ። ራምላ ተንሳፋፊውን በእጇ አንስታ ልታሳይ ወደ ምሰሶው ሄደች። መታጠፊያው ስለሚጋርዳት አትታየንም። ስልኬ ጠራ።

«አንስቼዋለሁ። ጮኸ?»

«ገና ነው» አልኳት።

«እንዴት ገና? ሽቦው ተነቅሏል መሰለኝ፣ ቆይ ልየው።»

መምህር ግርማ አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሦስቱ ደቂቃ እስኪሞላ፣ ነገሩም ተሸፋፍኖ እስኪያልፍ ብዬ፣ «ሽቦውን አትንኪው። እንደያዝሽው ቆይ፣ እንዳትለቂው» አልኳት።

«እሺ» አለች።

ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ። አንድ ደቂቃ አለፈ።  ከዚያ ከላይ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ቀና ብዬ ደንገጎን ባየው ጠቁሯል። እንደ ከባድ መኪና ያለ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

«ራምላ፣ ልቀቂውና ውጪ!»

የሆነ ነገር አለች፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

መምህር ግርማ ቀድመውኝ ወደ አሸዋው ወርደው «ውጡ! ውጡ!» እያሉ ሻጮቹን ማስወጣት ጀመሩ። እኛም ተከተልናቸው። የአዴ ፋጡማን ክንድ ይዤ ስጎትት፣ «ዛሬም ፍየሏ ናት?» አሉኝ፤ ወዲያው ድምፁ ለእሳቸውም ተሰማ። ግንቡ ላይ እንደወጣን ቡናማው ውሃ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ከሥራችን አለፈ። ቲማቲሙን፣ ጆንያውን፣ ጥላውን ሁሉ ይዞት ሄደ። ሳይረኑ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። 

በግንቡ ላይ ወደ መታጠፊያው ሮጥኩ። ምሰሶው እስከ አናቱ ተውጧል። ራምላ የለችም። ስሟን እየጠራሁ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ሰው በተጨናነቀበት ድልድይ እየተጋፋሁ ተሻገርኩና በማዶው ዳር ሽቅብ ሮጥኩ።  እናቷን ምን እላቸዋለሁ እያልኩ ነበር።

ከአንድ አጥር ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። እስከ ወገቧ ጭቃ ነው፤ አንድ ጫማዋ የለም፤ መዳፏ ተልጧል። በቅርቧ የነበረው ዳር ያኛው ስለነበር በዚያ ቧጥጣ ወጥታለች። አንዲት ሴት በጣሳ ውሃ ይዘውላታል። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ለምን አልጮኸም?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ፍየሏን፣ የቆረጥኩትን ሽቦ፣ ሦስቱን ደቂቃ። 

«ያዢው ስትለኝ ግን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

 ጣሳውን ለሴትየዋ መልሳ አመሰገነቻቸውና አንድ እግሯ ባዶውን ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ልደግፋት ብሞክር ክንዷን በቀስታ አስለቀቀችኝ።

በማግስቱ መምህር ግርማ ቢሮ ገብቼ ተናዘዝኩ። የእኔን ውጤት ቀነሱ፤ የእሷን አልነኩም። ሁለታችንም መሣሪያውን እንደገና እንድንሠራ አዘዙን። ራምላ ሽቦውን በቀጥታ መለሰችው፤ ምሰሶውንም ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ አጠረችው። የምናወራው ስለ ሥራው ብቻ ነበር። ለመመረቂያው ፕሮጀክት ሌላ ሰው መረጠች። አልፈረድኩባትም።

ከኒሙ ጥላ ሥር ስነሳ ደወልኩላት። አሁን ጅግጅጋ ታስተምራለች፤ በየዓመት በዓሉ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ ከመባባል ያለፈ ንግግር የለንም። ያን ቀን ሳነሳባት ትንሽ ሳቀች።

«ታውቃለህ፣ ያን ጠዋት ብትነግረኝ እኮ እሺ እልህ ነበር። ፍየሏ እኔንም አሰልችታኝ ነበር። ቢያንስ ለምን እንደማይጮህ አውቄ እወርድ ነበር» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቴን ፕሮግራሙ ውስጥ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ሳይረኑ ሦስት ደቂቃ እንዲጠብቅ ማድረጌማ ሊያከራክር የሚችል ሐሳብ ነበር። ራምላን አሸዋው ላይ ያቆማት እኔን ማመኗ ነው፤ እኔም ያንን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ያን ወጣት መሐንዲስ ነገ ጠዋት ጠርቼው አጠገቤ አስቀምጬ ይህን እንዳለ እነግረዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልደብቅ፣ ምንም ሳላሳምር።