የበቅሎ ጋጣው ኮሶ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ያሰረን በበቅሎ ጋጣ ውስጥ ነበር። በቅሎዎቹን አስወጡና እኛን አስገቡ። እንደገባሁ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ የቀረውን የማሰሪያ ቀለበት ነው። ከሥሩ፣ በልጅነቴ ይጁቤ ላይ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ተቀምጠዋል።

እኔን የያዙኝ ከገበያ ስመለስ ነው፤ ለአርበኞች ስንቅ ታመላልሳለህ ብለው። እኔማ ክጄ ክጄ ምላሴ ደረቀ። የኔታን ግን መርማሪው፣ "አርበኞቹን አላበላኋቸውም ይበሉና ይውጡ" ብሏቸው ነበር።

"ርቧቸው መጡ፤ አበላኋቸው" አሉት።

ይህን ሲነግሩኝ ተናደድሁ። "ምን ነበረበት አንዴ ቢዋሹ?" አልኋቸው።

"ልጄ፣ እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው" አሉኝ። የመሸብን ጋጣ ውስጥ ነው እንግዲህ።

ሁለት ሳምንት ሳንቆይ በቀኝ ጎናቸው፣ ከጎድን አጥንታቸው ሥር ውጋት ያዛቸው። ይለቃቸውና ተመልሶ ይይዛቸዋል። ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። አንድ ጠዋት ሲያስታውኩ ከአፋቸው ስንዝር የሚያልፍ ነጭ ትል ወጣ። ቶሎ ብለው በእጃቸው ሸፈኑት፤ አፍረው ነው።

ጠባቂያችን ያገራችን ሰው ነው፣ ባንዳ። ሐኪም ጥራልን ብለን ለመንነው።

"ሐኪሙ ለወታደር ነው" አለ።

ያገሬ ሰው ትል ካየ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ኮሶ። ጋቢዬን ለጠባቂው ሰጠሁትና አንድ እፍኝ ኮሶ አመጣልኝ። በድንጋይ አድቅቄ በውኃ በጠበጥሁት።

"አቅሜ ይችለዋል ወይ?" አሉኝ።

"ይጠጡት የኔታ፣ ጠርጎ ያወጣልዎታል።"

ጠጡት።

ቤት ቢሆን ኮሶ የጠጣ ሰው ደጁ አይረገጥም። ጌታው እንኳ ቢያስጠራው "ኮሶ ጠጥቷል" ከተባለ በቃ፣ አይመጣም። እኛ አሥራ አራት ነን፤ ያለን አንድ ባልዲ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። እንደዚያው ዋልን። ከኋላችን ሲያቃስቱ እንሰማለን፤ ምን እናድርግ?

ጠባቂው በሩን ከፈተና "ምን ሆናችሁ?" አለ።

"የኔታ ኮሶ ጠጥተዋል" አልነው።

እሱም መልሶ ዘጋው።

ምንም ትል አልወጣም። በማግሥቱ ቀና ማለት አቃታቸው፤ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስሁ።

"የኔታ፣ ምን አደረግሁዎት?"

እጄን ፈልገው ያዙት። "ተው፣ አታልቅስ። ቀሎኛል። ኮሶው ደግ አድርጎልኛል" አሉኝ።

ቀን ሳይጋመስ አረፉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለአንድ የጤና ሠራተኛ ነገሩን አጫወትሁት። "ወስፋት ነው፤ ወደ ሐሞት ቧንቧ ገብቶ ዘግቶት ይሆናል። ኮሶ ለዚያ አይሆንም፤ የታመመን ሰው አቅም ይጨርሳል" አለኝ።

ዛሬ የሳቸውን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ለጣሊያን አልዋሽም ብለው ጋጣ የገቡት ሰው አንድ ጊዜ ዋሹ። እሱንም ለእኔ ብለው ነው።