ቆርቆሮ የመረጠው ድምፅ ማጉያ

ጣሪያ ሠሪው አዛውንት ከዝናብ ጋር ዕድሜ ልካቸውን እንደተጣሉ ነው። ፊልም ሊያልቅ ሲል ዝናቡ የቤታቸውን የቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድበውና መጨረሻው ሳይሰማ ይቀራል። ጣሪያውን የሠሩት ራሳቸው ስለሆኑ የሚወቅሱት ሰው እንኳ የላቸውም።

አንድ ቀን ቁራጭ ቆርቆሮ በብብታቸው ይዘው ቴሌቪዥን መሸጫ ገቡ።

«አባባ፣ ይሄኛው ድምፅ ማጉያ ምርጥ ነው» አላቸው ሻጩ።

«እሱን ቆርቆሮዬ ይፍረድ!» ብለው ቆርቆሮውን በጡጫቸው ይደልቁት ጀመሩ። ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ሻጩ በየተራ ከከፈታቸው ሦስት ማጉያዎች ሁለቱ በጩኸቱ ተዋጡ፤ ሦስተኛው ግን ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ይሄ ነው የኔ ልጅ! ጠቅልልልኝ።»

ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ፊልሙ ተጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ አትገባም እንዴ?» ብለው ባለቤታቸው ተጣሩ።

እሳቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ጥርት ወዳለው ሰማይ አንጋጠው ዝናቡን ይሞግታሉ፦ «ምነው ዛሬ ፈራህ? ወንድ ከሆንክ ውረድ!»