ቅዳሜ ቅዳሜ የአሜሪካ ሕግ

ወንድምአገኘሁ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ እዚያው ደሴ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ዜግነት የሚያስተምር መምህር ነው። አርባን አልፏል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ልጆች ሲረብሹ ከመጮህ ይልቅ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም ማለት ይቀናዋል። አሜሪካን በእግሩ ረግጧት አያውቅም፣ የመሄድ ሐሳብም ኖሮት አያውቅም። ጓደኞቹ ዲቪ ሲሞሉ እንኳ ፎቶግራፍ ቤት ድረስ ሸኝቷቸው ይመለሳል እንጂ እሱ አይሞላም። ይኸው ሰው ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ እየወረደ ለሁለት ልጆች የአሜሪካን ሕገ መንግሥትና የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ ሲያስተምር የከረመው።

ነገሩ የመጣው በሀጂ ጀማሉዲን በኩል ነው። ሀጂ ኮምቦልቻ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። አያታቸው ከየመን ተሻግረው መጥተው ደሴ የከተሙ ነጋዴ ነበሩ። የሀጂ ልጅ ሀምዲን ደግሞ የአያቶቹን መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ የመን፣ ሑደይዳ ወረደ፤ እዚያ ሠራ፣ የየመን ፓስፖርት ያዘ፣ ሸፊቃ የምትባል የሐርቡ ልጅ አግብቶ ወሰደ። ሩሚሳን እዚያ ወለዱና በአባቷ ወረቀት ላይ አስመዘገቧት። የመን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ ሸፊቃ ሁለተኛውን አርግዛ ነበር። ሸሽተው አገር ገቡ፤ ሙንዚር ደሴ ተወለደ፣ ኢትዮጵያዊ ተብሎ ተመዘገበ። ያኔ ስለ ወረቀት ማን ያስባል? ነፍስ መትረፏ ነበር ትልቁ ነገር።

ሀምዲን ብዙ ሳይቆይ በጉበት ሕመም ሞተ። ሸፊቃ ልጆቹን ለአማቷ ትታ መጀመሪያ ዓረብ አገር፣ ኋላም አሜሪካ ገባች። ኦሃዮ በሚባለው ግዛት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የመኖሪያ ፈቃዷን እንዳገኘች ልጆቿን ለማስመጣት አመለከተች፤ ተስፋ ሲሰጧትም ለሀጂ ደወለች።

«አባባ፣ እዚህ ሲመጡ ከክፍል ጓደኞቻቸው እንዳያንሱብኝ። እዚህ የአገሩን ሕግና ታሪክ በደንብ ነው የሚያስተምሩት። የሚያስጠና ሰው ፈልጉልኝ» አለቻቸው። በሰው እጅም አንድ ያገለገለ የተማሪ መጽሐፍ ላከች፤ በሁለት እጅ ካልተያዘ የማይነሣ ወፍራም መጽሐፍ።

ሀጂ የወንድምአገኘሁን ትምህርት ቤት ያውቁታል፤ የዩኒፎርም ጨርቅ የሚሄደው ከሳቸው ሱቅ ነው። ጠይቀው ስሙን አገኙ። ወንድምአገኘሁ መጽሐፉን አገላብጦ አየና እውነቱን ነገራቸው።

«ሀጂ፣ ይሄን እኔም አላውቀውም።»

«አብሽር መምህር፣ ከነሱ አንድ ቅዳሜ ቀድመህ ታነባለህ» አሉት።

እንደዚያው ሆነ። በሳምንቱ ማታ ማታ ከመዝገበ ቃላት ጋር ሲታገል ይሰነብታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ጉም ወጥቶ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ ክንዱ ላይ ያደርጋል። ሀጂ ግቢ ፓፓያው ሥር በረንዳ ላይ አናጢ የሠራው ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሩሚሳ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ዝምተኛ፣ እስክትረዳው ድረስ ዐይኗን የማትነቅል ልጅ ነበረች። ሙንዚር አምስተኛ ክፍል ነው፤ እሱ ቁጭ ብሎ ከሚማረው ቆሞ የሚማረው ይበልጣል።

መጽሐፉ ደረቅ ቢሆንም ወንድምአገኘሁ ማጣፈጥ ያውቅበታል። ሰዎቹ ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱን ሲጽፉ ምሥጢር እንዳይወጣ በዚያ ሐሩር መስኮቱን ዘግተው እንደተቀመጡ ሲነግራቸው ሙንዚር ተነሥቶ ሳሎን አስገባቸውና መስኮቱን ሁሉ ዘጋ። ሦስቱም በሙቀት ተቃጠሉ። አንድ ሥልጣን ሌላውን እንዴት እንደሚጠብቅ ለማስረዳት ደግሞ ቤቱን አከፋፈለው፤ ሙንዚር ፕሬዝዳንት፣ ሩሚሳ ፍርድ ቤት ሆኑ።

«እኔስ?» አሉ ሀጂ ከውስጥ።

«እርስዎ ምክር ቤት ነዎት ሀጂ፤ ያለ እርስዎ በጀት የለም።»

«ከሱማ ድሮም አልተረፍኩም» ብለው ሳቁ።

ፕሬዝዳንቱ ከሰዓት በኋላ ትምህርት የለም ብሎ ባወጀ ቁጥር ፍርድ ቤቱ ይሽረዋል። ሩሚሳ ስትሽር ምክንያቱን ከመጽሐፉ ገጽ ጠርታ ነው። ወንድምአገኘሁ እንደሷ ያለ ተማሪ ደሴ ላይ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚገጥመው ያውቃል። ወደ ደጋን መስመር የሚነዱ ሹፌር ጎረቤቶች ሳይቀሩ እየቆሙ «አሜሪካኖቹ እንዴት ናቸው?» ይሉ ነበር።

ክረምት መግቢያ ላይ ዜናው መጣ። አሜሪካ ለአንዳንድ አገሮች ዜጎች ቪዛ እንዳይሰጥ አዘዘች፤ ከአገሮቹ አንዷ የመን ናት። ሸፊቃ ደውላ ጠበቃ እንዳነጋገረች፣ እሷ እናትየዋ ኢትዮጵያዊት ስለሆነች ምናልባት ለሩሚሳ እንደሚያዩላት ነገረቻቸው። የኤምባሲው ቀጠሮ ስለደረሰ ሀጂ ሁለቱንም ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። ወንድምአገኘሁ ሊጠየቁ ይችላሉ ያለውን ሁሉ አስጠንቶ ሸኛቸው።

የተጠየቀ ነገር አልነበረም። በማግሥቱ ሀጂ ደወሉ።

«የልጁ አልፏል። የልጅቷ ቀርቷል።»

«ቀርቷል ማለት? ሌላ ቀጠሮ ሰጧት?»

«ወረቀት ሰጧት። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ይቅርታ ጠይቃናለች። የየመን ዜጋ ነሽ፣ በትእዛዙ ምክንያት አልችልም ብላታለች።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ወንድምአገኘሁ ሲወርድ ምን ብሎ እንደሚያስተምር አላወቀም። ልጆቹ ግን እንደ ወትሮው ሰሌዳው ፊት ተቀምጠው ጠበቁት። የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ 1798 የፈረንጆች ዓመት ነበር፤ አዲሲቱ አገር ገና ጥርሷን ሳትነቅል ስለ ባዕዳን ያወጣቻቸው ሕጎች፣ ፕሬዝዳንቱ አደገኛ ያለውን የውጭ ሰው እንዲያባርር የፈቀደችባቸው። ወንድምአገኘሁ ገጹን ዘሎ ወደ ቀጣዩ ምርጫ ሊያልፍ አሰበ።

«እሱን አንብቤዋለሁ ቲቸር» አለች ሩሚሳ። «ያኔ የፈረንሳይ ሰዎችን ነበር የፈሩት።»

«አዎ።»

«ኋላ ግን ጊዜው አለፈና ቀረ ይላል።»

«አንዱ ሕግ ቀረ። ሁሉም አይደለም።»

ትንሽ አሰበች። «ቲቸር፣ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሻር ይችላል ብለውናል። እኛ የትኛው ፍርድ ቤት ነው የምንሄደው?»

ወንድምአገኘሁ ጠመኔውን አስቀመጠ። ከዚያ በሐቅ መለሰላት፤ ከውጭ አገር ሆኖ ቪዛ የተከለከለ ሰው ጉዳዩን ፍርድ ቤት ለማድረስ በጣም እንደሚከብደው፣ የአገሪቱ ትልቁ ፍርድ ቤት ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቀርቦለት እንዳጸናው ነገራት። ሙንዚር እኅቱን አየ፤ ሩሚሳ መጽሐፉን አየች። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልተማሩም።

እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አልሆነለትም። ሕገ መንግሥታቸው ሕዝቡ መንግሥትን አቤት የማለት መብት አለው ይላል፤ እሱ ራሱ ነው ያስተማራቸው። ከሩሚሳ ጋር ተቀምጠው ለሸፊቃ አካባቢ የምክር ቤት አባል አቤቱታ አዘጋጁ። ሩሚሳ በራሷ እንግሊዝኛ ጻፈች፤ እሱ ሁለት ቦታ ብቻ አረመ። ሸፊቃ ፈርማ ወሰደችው። በአባሉ ቢሮ ያለች ጸሐፊ በአክብሮት ተቀብላ፣ ውሃ ሰጥታ አነጋገረቻት። ከሳምንታት በኋላ መልስ መጣ፦ በጉዳዩ ማዘናቸውን፣ ትእዛዙ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ግን ሊያደርጉት የሚችሉት እንደሌለ የሚገልጽ።

ሌላ በር ሞከሩ። ልጅቷ በእናቷ ኢትዮጵያዊት ነች፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብታገኝስ? ወንድምአገኘሁ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስዶ ከሀጂ ጋር ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት ዞረ። ያነጋገራቸው ሰው ጉዳዩን አጥንቶ መብቷ መሆኑን አልካደም። ግን ከሑደይዳ የወጣው የልደት ምስክር ወረቀት ትክክለኛ መሆኑ ካወጣው ክፍል መረጋገጥ አለበት። ሀጂ የመን ላሉ ዘመዶቻቸው ደወሉ። ያ ክፍል ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልተገኘም። ጁነይድ የሚባል የወንድማቸው ልጅ ሰው ልኬ አስጠይቃለሁ አለ፤ ከዚያ ስልኩ አልነሣም አለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሙንዚር ቪዛ ቀኑ እየሄደ ነው። ካልተጠቀመበት ይቃጠላል። አንድ ቅዳሜ ሀጂ ለሸፊቃ ደውለው ስልኩን በድምፅ ማጉያ መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ሸፊቃ አላለቀሰችም። «አንዱንም ልጣው? ወይስ እኅትና ወንድም ላለያይ? እኔ መምረጥ አልቻልኩም። ወላሂ አልቻልኩም» አለች።

ሀጂ ወደ ወንድምአገኘሁ ዞሩ። «መምህር፣ ያንን አገር ከኛ ሁሉ የምታውቀው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?»

ወንድምአገኘሁ ወደ ሩሚሳ ዞረ።

«ይሂድ» አለች ሩሚሳ።

«እኔ ብቻዬን አልሄድም» አለ ሙንዚር።

«ትሄዳለህ። እማ ብቻዋን ናት።»

ከዚያ ተነሥታ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች።

ሙንዚር የሄደው ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አዲስ አበባ አጎቱ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ደግሞ ወደ ኦሃዮ ከሚመለሱ የእናቱ ጎረቤቶች ጋር ነው የሚሄደው። አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ጫማው ስለጠበበው እየቆመ እግሩን ያያል። ሀጂ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ረዘም ያለ ዱዓ አደረጉለት። ሩሚሳ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋችለት።

«ይሞቀኛል» አላት።

«እዚያ ይበርዳል።»

«ገና አልደረስኩም እኮ።»

ከፈተችለት። ወንድምአገኘሁ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ልጁ መጥቶ ሲጨብጠው ሊመክረው ፈልጎ «ጎበዝ ሁን» ብቻ አለው። አውሮፕላኑ ተነሥቶ በቦርከና ወንዝ በኩል ሲዞር ሁሉም ወደ ላይ አዩ፤ ሩሚሳ ግን ቀድማ መኪና ውስጥ ገብታ ነበር።

ትምህርቱ አልቆመም። ሀጂ «ነገ ቢከፈትስ?» ስላሉ ወንድምአገኘሁ መውረዱን ቀጠለ። ሰሌዳው ፊት አንድ ወንበር ብቻ ቀረ። ሩሚሳ የቤት ሥራዋን ሠርታ ትጠብቀዋለች፤ ሲጠይቃት በትክክል ትመልሳለች፤ እሷ ግን ምንም አትጠይቅም። ይህ ነበር የከበደው። አንድ ቀን እየተማሩ ሙንዚር በቪዲዮ ደወለ። ረቂቅ እንዴት ሕግ እንደሚሆን ለነገ ማስረዳት አለብኝ፣ ረሳሁት አለ። ሩሚሳ ስልኩን ፓፓያው ላይ አስደግፋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ፕሬዝዳንቱ አልፈርምም ቢል ምን እንደሚደረግ ሳይቀር አስረዳችው። ወንድምአገኘሁ የሚጨምረው አልነበረውም።

ሙንዚር ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሩሚሳ መጽሐፉን አጠፈችው።

«ቲቸር፣ አይቀየሙኝም?»

«ምን ሆነሽ?»

«ከዚህ በኋላ ሒሳብ ቢሆን ይሻለኛል። ስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና አለብኝ። ይሄ ግን አይመጣም።»

«እኔ ሒሳብ አልችልም ሩሚሳ።»

«አውቃለሁ» አለች በጣም ቀስ ብላ።

ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ሥርጉት የምትባለውን የሒሳብ መምህርት አነጋገረ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትወርደው እሷ ናት። ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል ውስጥ ሲያገኛት ይጠይቃታል።

«እንዴት ናት?»

«ጎበዝ ናት። ትፈጥናለች።»

«ትስቃለች?»

ሥርጉት ታስባለች። «አንዳንዴ» ትለዋለች።

ሀጂ ጀማሉዲን ግን አልተዉትም። አርብ አርብ ከጁምዓ ሲወጡ ይደውሉለታል። ያንን አገር ያስተማረ ሰው ስለሆነ ያ አገር የሚያደርገውንም የሚያውቅ ይመስላቸዋል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባቱ በፊት ስልኩ ላይ የአሜሪካን ዜና ያነባል፤ ዳኛ የሚል ቃል ባየ ቁጥር ዝርዝሩን ይከፍታል፣ አንብቦ ሲጨርስ የሌላ ሰው ጉዳይ ይሆናል።

ባለፈው አርብም ደወሉ።

«አሰላሙ አለይኩም መምህር። አንድ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አገደ ሲሉ ሰማሁ። የኛን ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም ሀጂ። አይቼዋለሁ። የኛን አይደለም።»

«የኛ መቼ ይታያል ይላሉ?»

«አይሉም ሀጂ። ምንም አይሉም።»

ከሽማግሌው ጀርባ የመንገዱ ጩኸት፣ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«አብሽር ልጄ» አሉት በመጨረሻ። «አንተ ምን ታደርግ።»

ወንድምአገኘሁ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። ደውሉ ተደውሎ ስለነበር ጠመኔውን ይዞ ወደ ስምንተኛ ክፍል ገባ።