ያልረጋው ኮንክሪት

«የአጥር ቋሚ ከምትተክይ ባል ብታገቢ ኖሮ እሱ ይተክልልሽ ነበር» አለኝ ጎረቤታችን፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ።

«ባልማ እናንተ አፍሳችሁ ጨረሳችሁት» አልኩት።

ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። ከእሱ ጀርባ፣ ማድቤት ውስጥ፣ ታናሽ ወንድሜ ከማገዶው ክምር ኋላ ተቀምጦ እንደነበር የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። ለጎረቤቱ ሁሉ «ኮምቦልቻ አጎቱ ዘንድ ነው» ብለን ነበር። ወጣት ለውትድርና ከየመንገዱ የሚታፈስበት ጊዜ ነው። አብረውት ይማሩ ከነበሩት ወደ ሰሜን የተወሰዱ አሉ፤ የአንዳቸውም ወሬ አልተሰማም።

ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን ጓሮው ውሃ ያዘለ ነው። ምስጥ የበላው የባሕር ዛፍ አጥራችን በክረምቱ ወደቀና ጓሯችን ለመንገዱ ራቁቱን ቀረ። መንገዱ ደግሞ ወደ ቀበሌ የሚወስደው ነው። ማድቤቱ በር የለውም፣ የጋረድነው በማዳበሪያ ከረጢት ነው። ወንድሜ ለሽንት እንኳ መውጣት አቅቶት በጣሳ ይጠቀም ጀመር። አንድ ቀን «ከዚህስ ሄጄ ይውሰዱኝ» አለ። እማዬ እግሩን ይዛ አለቀሰች። እኔ ማልቀስ አልሆነልኝም፤ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ የከረምኩ ሰው ነኝ። ኮምቦልቻ ያለው የእማዬ ወንድም ግንበኛ ነው። ነገሩን ስነግረው ብዙ አልጠየቀኝም። ከሥራ የተረፈ ሲሚንቶ ሰጠኝ፣ አተካከሉንም መሬት ላይ በጣቱ እየሣለ አሳየኝ። ጭቃ ውስጥ አፈር ብትጠቀጥቂ አይቆምልሽም አለ። የጥድ እንጨት ፈልጊ፣ ቅርፊቱን ላጪ፣ እግሩን በእሳት ለብልቢና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢው። ውሃ እንዲያልፍ ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር አድርጊ። ኮንክሪቱን ከመሬት ከፍ አድርገሽ ዙሪያውን ወደ ውጭ አዘቅዝቂው።

«ከዚያ በድጋፍ አስረሽ ተዪው። ሳምንት ሳይሞላው ቆርቆሮ እንዳታስጠጊበት። ሰማሽ? ሳምንት።»

እሷ ሳምንት ናት ያንገበገበችኝ። ቋሚዎቹ መላጣቸውን ቆመው ጓሮው ሳምንት ሙሉ ክፍት ሊሆን ነው። ሌላ መላ ግን አልነበረኝም። ቆፈርኩ።

እኛ አገር ደግሞ የዶማ ድምፅ የሰማ ጎረቤት ቤቱ አይቀመጥም። ጅጌ ነው፣ ደቦ ነው ብሎ የራሱን አካፋ ይዞ ይመጣል። አትምጡ ማለት ነውር ነው፤ በዚያን ጊዜ ከነውርም በላይ ነበር፣ ምን ደብቀው ነው ያሰኛል። ረፋድ ላይ ጓሮው በሰው ተሞላ። አብዮት ጠባቂው ራሱ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ኮንክሪት ያቦካ ነበር።

እማዬ ከማድቤቱ ደጃፍ አልነቃነቅ አለች። ሴቶቹ ሊያግዟት ሲጠጉ «ንፍሮውን እኔው አወጣዋለሁ፣ አትድከሙ» ትላለች።

«ምነው ዛሬስ ማድቤትሽን እንደ ሙሽራ ጠበቅሽው» አለቻት አንዷ።

ሁሉም ሳቀ። እማዬም ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ዳግም ማየት አልፈልግም።

ቋሚዎቹ ቆሙ። በቱምቢ ቀጥ አድርጌ አስተካከልኩ፣ በድጋፍ አሰርኩ። አሁን ሰው ተመርቆ ይበተናል ስል፣ ዱዓ የሚያደርጉልን ሽማግሌ ግድግዳ ሥር የተደረደረውን ቆርቆሮ አዩት።

«ይሄስ?»

«እሱ ለሳምንት ነው አባባ። ኮንክሪቱ መርጋት አለበት።»

«ልጄ፣ ጅጌ የያዘውን ሥራ ሳይዘጋ አይነሣም። አጥር ከፍቶ መሄድ ለቤቱ ደግ አይደለም።»

«ይወድቃል እኮ ነው የምልዎት።»

«ይሄን ሁሉ ሲሚንቶ በልቶ?» አለ አብዮት ጠባቂው። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዲህ ፈሪ ያደርጋል እንዴ?»

እማዬን አየኋት። ዓይኗ ቆርቆሮው ላይ ነው። ጓሮው ዛሬውኑ ሊዘጋላት ነው።

«ይምቱት» አለች።

መዶሻውን ሰጠኋቸው። ሰዎቹ ሲሄዱ ወንድሜ ወጥቶ፣ በቆርቆሮው ጥግ ጥግ፣ ወዲያና ወዲህ ተራመደ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋስ ተነሣ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ተከተለው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲገፋው ድጋፎቹ ተፈናቀሉ። የመካከለኛው ቋሚ ኮንክሪት ተሰነጠቀና እንጨቱ ይወዛወዝ ጀመር። ሮጬ ያዝኩት። ከበደኝ። «እማ!» ብዬ ተጣራሁ።

የመጣው ወንድሜ ነው። ትከሻውን ለቋሚው ሰጠና አብረን ለአፍታ ቀጥ አደረግነው። ከዚያ ቀጣዩ ቋሚ ተነቀለ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ቆርቆሮው እየተንጓጓ ወደ መንገዱ ተዘረረ። ወንድሜ በባዶ እግሩ የቀረችውን ቋሚ አቅፎ ቀረ።

መንገዱ ላይ አብዮት ጠባቂው ማዳበሪያ ተከናንቦ ቆሟል።

«ከኮምቦልቻ መቼ መጣ?» አለኝ።

«ዛሬ።»

«በባዶ እግሩ?»

እማዬ ወጥታ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። «በአላህ ይሁንብህ፣ በልጆችህ» ትለዋለች።

«ይነሡ እትዬ፣ ሰው ያያል» አላት። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ተረኛ አይደለሁም። ነገ ጠዋት ነኝ። ነገ አፈሳው ቤት ለቤት ነው።»

ሄደ።

የኮምቦልቻው መንገድ ኬላ አለበት። ወደ ኩታበር በኩል ግን የእማዬ አክስት አሉ። የእማዬን ቀሚስ አለበስነው፣ ሻርፗን እስከ ቅንድቡ አሰርንለት። ጢም አላበቀለም፣ አልሐምዱሊላህ። እማዬ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ብብቱ ሥር ሸጎጠችለት።

«አንቺስ ለምን ትሄጃለሽ?» አለችኝ። «እኔን ለማን ጥለሽ?»

«ብቻውን ሴት መሆን አይችልም እማ። አረማመዱን አታዪውም?»

በረዶው ሳያባራ፣ ሰው ከየቤቱ ሳይወጣ፣ እጁን ይዤ በወደቀው ቆርቆሮ ላይ ተራምደን ወደ ኩታበር መንገድ ወጣን።