ሁለት መስመር፣ አንድ ዲስክ

መቱ ውስጥ የመሬት መዝገብ በሚይዝ አንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨር ሠራተኛ ነበርኩ። ሰርቨር ክፍል የምንለው ድሮ የጽዳት ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። ውስጡ አንድ ሰርቨርና መዝገቡ ሁሉ የተከማቸበት የዲስክ ሣጥን ነበሩ፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ኬብል ብቻ ነው። ወረቀቱ ስካን ከተደረገ በኋላ ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ተከመረ። የኢሉባቦርን ዝናብ የሚያውቅ ሰው፣ ወረቀቱ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም።

ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚሆን ሁለተኛ ዲስክ እንዲሰጠን በየዓመቱ ደብዳቤ እንጽፍ ነበር፤ በዚያው ቃል፣ ቀኑን ብቻ እየቀየርን። መልስ መጥቶ አያውቅም።

አንድ ክረምት ከሁሩሙ አንዲት እናት ይመላለሱ ጀመር። ባላቸው ሲሞቱ የባላቸው ወንድም የቡና መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል፤ የይዞታ ደብተሩም እሱ እጅ ነው። ፍርድ ቤቱ ከእኛ መዝገብ ማስረጃ አምጡ ብሏቸዋል። ስማቸው ከባላቸው ስም ጎን መኖሩን ስክሪኑ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ፕሪንተሩ ግን ቀለም ጨርሶ ነበር። "ማክሰኞ ይምጡ፣ እትዬ" አልኳቸው።

ዓርብ ዕለት እኔ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ከአዲስ አበባ ቴክኒሻን መጥቶ፣ የሆነ ነገር ሠርቶ፣ መንገዱ ሳይበላሽበት ብሎ ተመለሰ። ምን እንደሠራ ለማንም አልነገረም። ሰኞ ጠዋት ጥቁሩ ስክሪን ላይ የዲስኮቹን ዝርዝር የሚያወጣውን ትእዛዝ ስጽፍ፣ አንድ የነበረው ዲስክ ሁለት ሆኖ መጣ፤ በመጠንም እኩል። ሮጬ ኃላፊያችን ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ የለመንነው ዲስክ መጥቷል።"

"በል ቶሎ አዘጋጀው፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ" አሉኝ።

ዲስኩን ፎርማት እንዲያደርግ፣ ማለትም ጠርጎ ለሥራ እንዲያዘጋጅ ሳዘው ማሽኑ ጠየቀኝ፤ ዲስኩ ላይ መረጃ አለ፣ ልቀጥል ወይ አለኝ። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይል ይሆናል። ለእኛ ግን አዲስ ዕቃ ደርሶን አያውቅም። ወንበሩ ዞን ያገለገለ ነው፣ ኮምፒውተሩ ክልል የጣለው፣ ፕሪንተሩ ከተዘጋ ፕሮጀክት የተረፈ። የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ እንኳ የማላውቀው ሰው የደመወዝ ደረሰኝ አለ። ይህም ዲስክ የአንዱ መሥሪያ ቤት ትራፊ ነው ብዬ አዎ የምትለዋን ፊደል ተጫንኩ።

ወዲያው የመዝገቡ ፕሮግራም ቆመ። ሁለተኛ ዲስክ የሚባል ነገር አልነበረም። ቴክኒሻኑ የዘረጋው ሁለተኛ ኬብል ነው፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው እንዲሠራ። ሰርቨሩ ያንኑ ዲስክ በሁለት መስመር ሁለት ጊዜ እያየው ነበር። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚያስረዳው መልቲፓዝ የሚባለው ሶፍትዌር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላስነሳውም። ያጠፋሁት የገዛ መዝገባችንን ነው።

ከቴክኒሻኑ ጋር በስልክ እየተነጋገርን መልቲፓዙን አዋቀርኩት። ማዋቀሪያ ፋይሉን ጻፍኩ፣ አገልግሎቱን አስነሳሁ፣ ሁኔታውን የሚያሳየውን ትእዛዝ ሰጠሁ። አንድ ዲስክ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር፣ ሁለቱም ደህና። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ዲስኩ ግን ባዶ ነው። መጋዘን ገብቼ ሁለት ቀን የሴትዮዋን ፋይል ፈለግሁ። የሁሩሙ መደርደሪያ ላይ ያገኘሁት እንደ ገንፎ የላቆጠ ወረቀት ነው።

ለፍርድ ቤቱ "በሲስተም ብልሽት ምክንያት ማስረጃው ሊገኝ አልቻለም" የሚለውን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። ስማቸውን አይቻለሁና ሄጄ ልመስክር ብዬ ኃላፊያችንን ጠየቅኋቸው።

"ከዚያስ እንዴት ጠፋ ሲሉህ ምን ልትል ነው?" አሉኝ። የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ። ፈራሁና ቀረሁ። መሬቱ ለወንድምየው ተፈረደ።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ለሥራ ሁሩሙ ሄጄ መንገድ ዳር አገኘኋቸው። ዘንቢል ይዘው ወደ ያዮ የሚሄድ ሚኒባስ ይጠብቃሉ፤ የሰው ቡና በቀን ሥራ ሊለቅሙ ነው። ልሸሽ ስል ቀድመው አዩኝ። ሁለት እጄን ያዙ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተማ ደክመህልኛል። መጋዘን ገብተህ ስትፈልግልኝ እንደከረምክ ነግረውኛል። እኔን የበላኝ ማሽኑ ነው።"

"አዎ እትዬ" አልኳቸው። "ማሽኑ ነው።"