ጎሮ አዳራሽ ውስጥ የሳቁት ሰዎች

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ሮቤ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፈረሶቹ በአፍንጫቸው እንፋሎት እየለቀቁ ጋሪ ይጎትታሉ፤ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ወደ ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ አግኝቼ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። አንዲት አነስተኛ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ናት የላከችኝ። ከድርና ብዙነሽ የሚባሉ ሁለት ዘፋኞች ባሌን እየዞሩ በቅብብል ይዘፍናሉ፤ እሱ በኦሮምኛ ይጠይቃል፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች ተብሏል። ዋና አዘጋጃችን «ዘፈኑን ተወው፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሚቀበላቸው ጻፍልኝ» ብሎኛል።

ደብተሬን አውጥቼ ስለ ፈረሶቹ ስጽፍ ሾፌሩ በዓይኑ ጥግ አየኝ።

«ከመንግሥት ነህ?»

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«እሺ» አለና ሬዲዮውን ዘጋው።

2 ሰዓት ተኩል፤ ጎባ

ጎባ ቀዝቃዛ ጭጋግ ለብሳለች። ዘፋኞቹን አንድ ሻይ ቤት በትኩስ ብስኩት ሻይ ሲጠጡ አገኘኋቸው። ከድር ረጅም፣ ለስላሳ አንደበት ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ክራሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ብዙነሽ የቢሮ ጸሐፊ ናት። አያቶቿ ከመንዝ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ባልና ሚስት አይደሉም፤ ይህንንም የነገረችኝ እሷው ናት፣ ሳልጠይቃት።

«ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ባልና ሚስት መሆናችንን ነው» አለች። «ቀጥሎ ዘፈኑን ይጠረጥራል። አንተስ ምን ልትጠረጥር መጣህ?»

«የሰዉን ስሜት ልጽፍ ነው።»

«የሰዉን ስሜት!» ወደ ከድር ዞረች። «ሰማኸው?»

ከድር ሳቅ ብሎ «ይምጣ፣ መኪናችን ሰፊ ነው» አለ።

5 ሰዓት፤ ጎሮ

ወደ ሮቤ ተመልሰን የጎሮን መንገድ ያዝን። ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው፤ ከዚያ መሬቱ ዝቅ እያለ ይሞቃል፤ ሹራቤን አወለቅኩ። ገበያው ደርቷል፤ ግመል፣ ፍየል፣ የሽንኩርት ክምር። አዳራሹ ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ነው። ከገበያ የወጣው ሰው ዕቃውን እንደያዘ ገባ።

ዘፈኑ ጀመረ። ከድር ላሙ እንደጠፋችበት በኦሮምኛ እያዜመ ይጠይቃል። ብዙነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መለሰችለት፦

ላምህ ከኔ ደጃፍ መቼ መጥታ ታውቃለች፣
አጥሩን ለከፈተው ለርሱ ትታለባለች።

ያጨበጨበ የለም። ሰዉ ሁሉ ዘፋኞቹን ትቶ እርስ በርሱ ይተያያል። አጥሩን የከፈተው ማነው? ላሚቱስ ማናት? ሁሉም የገባው ይመስላል፤ እንደገባው ግን ማንም ማሳየት አይፈልግም። በዚህ መሐል ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት እናት ሳቃቸው አመለጣቸው። ከወደ ኋላ ምርኩዝ የያዘ ሰው አፏጨ። እኔም ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ።

ዘፈኑ ለዕረፍት ሲቆም ቡናማ ኮት የለበሰ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ስሙንም ከየት እንደሆነም አልነገረኝም።

«ጎበዝ ጸሐፊ ነህ» አለኝ በትሕትና። «ማን የት ላይ እንደሳቀ ይዘኸዋል አይደል? ሲያልቅ አንድ ጊዜ ታሳየኛለህ።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ።

ደብተሬን ገልጬ የጻፍኩትን አነበብኩ። «ሦስተኛ ረድፍ፣ አረንጓዴ ሻሽ ያደረጉ እናት፣ አጥሩን የከፈተው ሲባል ሳቁ። ከኋላ፣ በር አጠገብ፣ ባለ ምርኩዝ፣ አፏጨ።» አንድ ጠቋሚ ከዚህ የተሻለ አይጽፍም። ገጹን ልቅደደው ብዬ ስይዘው ሰውየው በመስኮት በኩል እያየኝ ነው።

ያን ጊዜ አረንጓዴ ሻሽ ያደረጉት እናት መጡ። ስማቸው አዴ ፋጡማ፣ ማለትም ወይዘሮ ፋጡማ፣ ነው እንበል፤ እውነተኛውን አልጽፍም።

«አንተ ልጅ፣ ስለ እኔ ምን ጻፍክ?»

መዋሸት አቃተኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላቸው። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ለምን እንደሳቅሁ ግን የለበትም።»

«ለምን ሳቁ?»

አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ላሜ ሦስት ቀን ጠፍታብኝ ነበር! ወላሂ፣ የተገኘችው ጎረቤቴ ጓሮ ነው! አጥሩን የከፈተውም የገዛ አማቼ ነው! ጻፍ እንጂ!»

ጻፍኩ። ሰዉ ፈራ ተባ እያለ ሳቀ። ባለ ምርኩዙ ሰው እያነከሰ መጣ። «እኔም ያፏጨሁት ፍየሌን ልጠራ ነው፤ ውጭ አስሬያታለሁ። ጻፍ!» አንዱ በሬው እንደጠፋበት አስጻፈኝ፣ ሌላው አህያው። አንዱ ሳይስቅ «ስቄያለሁ» ብሎ አስመዘገበ። ገጾቹ በከብት ሞሉ። ፊታቸውን ቀና ብዬ ሳይ ግን የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። አዴ ፋጡማ የቆሙት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነው።

ብዙነሽ መድረኩ ላይ ቆማ ሁሉን ታይ ነበር። ከድር ክራሩን ሲጀምር እኔን ትክ ብላ እያየች ግጥሙን አወጣችው፦

ጻፍ ያሉት ጸሐፊ መቼ ያጣል ቀለም፣
የልብን የሚጽፍ አንድም ደብተር የለም።

አሁን ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ማን እንዳጨበጨበ አልጻፍኩም፤ ብዕሬን ኪሴ ከትቼ ነበር።

10 ሰዓት ተኩል

ባለ ኮቱ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ደብተሩን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አገላበጠ።

«የዚህ አገር ሰው ሁሉ ከብት ጠፍቶበታል ማለት ነው?»

«የነገሩኝን ነው የጻፍኩት።»

ደብተሩን መለሰልኝና «መንገድ ሳይመሽባችሁ ሂዱ» አለ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ተነሣን። የስንዴው ማሳ ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቃል ከአፌ ወጣ። «አዴ ፋጡማ ላማቸውን በደኅና አገኟት?»

ከድር ሳቀ። «ላም? እሳቸው እኮ ላም...»

«ከድር!» አለች ብዙነሽ። ሮቤ ስወርድ እጄን ጨበጠችኝ፤ ፈገግ ግን አላለችም። አልፈረድኩባትም።

ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

ዋና አዘጋጁ የጻፍኩትን አነበበ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ክራሩ፣ ስለ ገበያው ነው። ወደደው። አራት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ሕዝቡስ?» አለኝ። «እንዴት ተቀበላቸው?»

«ሳቁ፤ አጨበጨቡ።»

«እነማን? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

የጠየቀኝ ለጽሑፉ ብሎ ነው፤ ይመስለኛል። ቢሆንም በሩ መዘጋቱን ዞር ብዬ አየሁ።

«ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት» አልኩት። «ፊታቸው አይታየኝም ነበር።»