አባቴ ያጠበው ካባ

አባቴ ካባዬን አጠበው። ይህን ለሰው ስነግር ሁሉም "እና ምን ይጠበስ?" በሚል ዓይን ያየኛል። አባት የልጁን ልብስ ቢያጥብ ይመሰገናል እንጂ ይወቀሳል? እኔ ግን ያንን ካባ ለማቆሸሽ አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አምስት ሳምንት ሙሉ ቀድጄዋለሁ፣ አቃጥዬዋለሁ፣ ጭቃ አብልቼዋለሁ። እሱ በአንድ ረቡዕ፣ እኔ ቢሮ ተቀምጬ የሰው ፋይል ሳገላብጥ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ፣ በሳሙና አሽቶ ግቢያችን ውስጥ ገመድ ላይ አሰጣው። በማግስቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ኮስፕሌይ ይሉታል። ከካርቱን ወይም ከጌም አንድ ገጸ ባሕሪ ትመርጣላችሁ፤ ልብሱን፣ ጥሩሩን፣ ሰይፉን በገዛ እጃችሁ ትሠራላችሁ፤ ከዚያ እንደ እናንተው ያበዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ኮንቬንሽን ላይ ለብሳችሁ ትቀርባላችሁ። ዳኞች መጥተው ስፌቱን ገልብጠው ያያሉ፤ "ይህን እንዴት ሠራሽው?" ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ለዚያች ጥያቄ ነው የምለፋው። ሥራ ቦታዬም ሆነ ሰፈሬ ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔን የሚጠይቁኝ መቼ እንደማገባ ነው። የቢሮ ሰዎች ስልኬ ላይ ፎቶዎቹን ሲያዩ "የእብድ ልብስ" ብለው ሳቁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቁልፍ እንኳ መትከል የማይችል ሰው ነው።

በዚያ ዓመት የመረጥኩት ጦርነት ተሸንፎ፣ በረሃውን በእግሩ አቋርጦ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ጦረኛ ነበር። የሰውዬው ታሪክ ሁሉ ካባው ላይ ነው። ካባው ንጹሕ ከሆነ ገና ከቤቱ አልወጣም ማለት ነው።

ጥሩሩን የሠራሁት ጫማ ሠሪዎች ለሶል ከሚጠቀሙበት ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ሲሞቅ እንደ ልብ ይታጠፋል። ማሞቂያ ስላልነበረኝ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት ጓደኛዬ ጋ እየሄድኩ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ በፀጉር ማድረቂያው ፎን እያሞቅኩ በጉልበቴ ላይ ቅርጽ አስይዘው ነበር። ስፖንጁን የማጣብቅበት ማስቲሽ ሽታ አንዲት ሙሽራ አባሮባት ጓደኛዬ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ትከሻው ላይ የዶርዜ ቤት የሚሸፈንበትን የቀርከሃ ቅርፊት እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራርቤ ለጠፍኩበት። ሰይፉም ቀርከሃ ነው፤ ሦስት ተሰብሮብኝ አራተኛው ተሳካ።

ካባውን ግን አባቴ ሸመነው። አባቴ የዶርዜ ሰው ነው፤ እኔ ሳልወለድ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ ሲቀላ ገባ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግቢያችን ጥግ ባለችው የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲልክ ይውላል። እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከሸማ ዕቃው አጠገብ አድጌ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ላይ ተቀመጪ የሚለኝ አልነበረም፤ ይህም ያናድደኛል። ካባ እንደምፈልግ ስነግረው ግን ምንም አላንገራገረም። "ለትርኢት ነው፤ አዲስ አበባ ብዙ ሰው ያየዋል" አልኩት። የያዘውን ሥራ አቋርጦ፣ ወፍራም፣ ጥብቅ አድርጎ፣ ያላዘዝኩትን ቀጭን ጥለት ዳር ዳሩን ጨምሮበት ሰጠኝ። እንደምቀደው አልነገርኩትም። ፈራሁት።

ስለዚህ የቀደድኩት ጓደኛዬ ቤት ነው። በብረት ብሩሽ ፈተግኩት፣ ዳሩን በሻማ ለበለብኩት፣ በመቀስ ሳይሆን በጥርሴ ዘነጠልኩት፤ መቀስ ቀጥ ብሎ ስለሚቆርጥ ውሸቱ ያስታውቃል። ከጨንቻ መንገድ ቀይ አፈር በፌስታል አመጣሁ። አባያ ሐይቅ ዳርም ወረድኩ፤ የአባያ ውሃ በተፈጥሮው ሻይ በወተት ስለሚመስል ለማደብዘዝ እሱን የሚያህል ቀለም የለም። አንድ ዓሣ አጥማጅ አዞ እንዳለ እየጮኸ ሲያስጠነቅቀኝ እኔ ጋቢ የሚያክል ጨርቅ እየነከርኩ ነበር። ሲደርቅ የሦስት ዓመት መንገድ የሄደ መሰለ። እንደዚያን ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም። በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት።

እንግዲህ አባቴ ያገኘው እዚያ ነው። ክር የያዘ ሌላ ማዳበሪያ ሲፈልግ ፈትቶ አየው። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከኋላው ገመዱ ላይ ካባው ነጭ ሆኖ ይንጠባጠባል። የተለበለበው ዳር ተቆርጦ፣ ከጥለቱ ሥር እንደ አዲስ ተቋጭቷል።

"ማን ነው የቀደደብሽ?" አለኝ በጋሞኛ። "ንገሪኝ። ቢሮሽ ድረስ እሄዳለሁ።"

መጀመሪያ ምን እንደሚል አልገባኝም። እንደገባኝ ግን ንዴቴ ባሰ። አባቴ ወጣት ሳለ አንድ ባለሥልጣን ልኩ አጥሯል ብሎ የሠራውን ጋቢ ሰው ፊት ቀዶ ወርውሮበታል፤ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝም ዓይኔን አላየም። አሁንም የመሰለው ያ ነው። አንድ ሰው በአባቴ ሥራ እኔን አዋርዶ፣ እኔም አፍሬ ደበቅኩት መስሎት ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ሲጠግን ዋለ። ይህን ሁሉ በዚያች ሰዓት አውቄዋለሁ። አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። ግን ለእኔ በዚያች ሰዓት አምስት ሳምንቴ ገመድ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ቤት ውስጥ የምናወራው በጋሞኛ ነው። ስንጣላ ግን እኔ ወደ አማርኛ እገባለሁ፤ እዚያ እሱ ይደናቀፋል፣ እኔ አልደናቀፍም። ይህ ጭካኔ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

"እኔ ነኝ የቀደድኩት" አልኩት በአማርኛ። "ማን ንካ አለህ? አንተ ከሸማ ሌላ ምን ታውቃለህ?"

"ሌላ አላውቅም" አለ፣ እሱም በአማርኛ። ሄዶ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ተቀመጠ፤ መወርወሪያውን ግን አላነሳም።

እርጥቡን ካባ አንስቼ ጓደኛዬ ጋ ሮጥኩ። እንደገና ልቀደው ሞከርኩ። የደፈነው ቦታ አልቀደድ አለኝ። በመርፌ የተሰፋ አልነበረም፤ ድሩንና ማጉን አንድ በአንድ እየተከተለ መልሶ ሸምኖታል፤ በጣቴ ስዳብሰው ብቻ ነው ትንሽ ወፈር የሚለው። ጓደኛዬ ለአባቴ ያልኩትን ስነግራት ፎኑን አጥፍታ "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" አለችኝ። ተረት የሚሰማ ጆሮ አልነበረኝም። ተረትሽን ለራስሽ ጊዜ አቆዪው አልኳት። በማግስቱ ነጭ ካባዬን ይዤ፣ አባቴን ሳልሰናበት ተሳፈርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የኮንቬንሽኑ አዳራሽ በር ላይ ስደርስ የመመዝገቢያው ሰልፍ ረጅም ነበር። ጥሩሬን ለብሻለሁ፣ ሰይፌን ታጥቄያለሁ፣ ካባው ትከሻዬ ላይ ነው። ስሜን የምትመዘግበው ልጅ ጥለቱን አየችና ፈገግ ብላ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ከአርባ ምንጭ አልኳት። የባህል ልብስ ትርኢት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በግራ በኩል ያለው ሰልፍ ላይ እንድቆም ነገረችኝ። የባህል ልብስ እንዳልሆነ፣ የጌም ጦረኛ መሆኑን፣ ይህ ደረቴ ላይ ያለው የጫማ ሶል መሆኑን አስረዳኋት። እሺ እሺ እያለች ወደ አስተባባሪው ዞረች። አስተባባሪው ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ባጅ፣ እጁ ላይ ሁለት ስልክ።

"የዶርዜ ልጅ ነሽ?" አለኝ። "በጣም አሪፍ! መድረክ ላይ ስትወጪ ትንሽ ትጨፍሪልናለሽ።"

ከፊቴ ክንፍ የለበሰ ልጅ ነበር፤ ብረር አላሉትም። ከኋላዬ ሰማያዊ ፀጉር ያደረገች ልጅ ነበረች፤ የአያትሽን ጭፈራ አሳዪን አላሏትም። የእኔን ሲያዩ ግን ስፖንጁም፣ ቀርከሃውም፣ በሻማ የተቃጠለው ጣቴም ጠፋባቸው፤ የታያቸው ጭፈራ ብቻ ነው። አልጨፍርም አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ መሰለኝ፣ አስተባባሪው ለልጅቷ "ተቆጣች" ብሎ ሳቀ። አዎ ተቆጥቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቆጥቻለሁ። ይህን ልብስ አጥቦ ለዚህ የዳረገኝ አባቴ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ጭቃው ቢኖር ኖሮ ጥለቱ አይታይም ነበር።

ሞልተን የምናስረክበው ቅጽ አለ። የእያንዳንዱ ክፍል ስም ይጻፍና ማን እንደሠራው ይሞላል። ሌላ ሰው የሠራልህ ነገር ነጥብ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ለሠራተኛው ክብር ሲባል ስሙ ብቻ ይጠቀሳል። ጥሩር፣ በራሴ። ሰይፍ፣ በራሴ። ካባ የሚለው ጋ እስክሪብቶዬ ቆመ። አባቴ፣ ሸማኔ፣ ከዶርዜ ብዬ ብጽፍ የሚሆነው ታየኝ፤ አስተባባሪው አንብቦ "አላልኩም?" ሲል፣ ከበሮ ሲመጣ። "ከገበያ የተገዛ" ብዬ ጻፍኩ።

ዳኞቹ መጡ። ከሦስቱ አንዷ፣ ጠና ያለች ሴት፣ ጥሩሩን በደንብ ካየች በኋላ ካባውን አነሳች። በጣቶቿ ዳበሰችው። አንድ ቦታ ላይ ቆመች፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየች፣ ሌላ ቦታ ዳበሰች። ከዚያ ጥገናዎቹን መቁጠር ጀመረች።

"ይህ ጦረኛ ካባውን በየመንገዱ እየጠገነ ነው የመጣው ማለት ነው" አለች። "እስካሁን ይህን ያሰበ አላየሁም። ይህን እንዴት ሠራሽው?"

ጥያቄዋ መጣች። የለፋሁላት ጥያቄ መጥታ ያረፈችው እኔ ባልሠራሁት ላይ፣ ያውም አባቴን በሰደብኩበት ሥራ ላይ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። አባቴ የሚል ቃል። ሴትየዋ ደግ ነበረች፤ ጨፍሪ አላለችኝም፤ ማንም አላስገደደኝም። ቅጹን አየችና "አሃ፣ ገዝተሽው ነው" አለች። አዎ አልኳት። ካባውን መልሳ ትከሻዬ ላይ አስተካክላ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች።

መድረክ ላይ ስወጣ አስተዋዋቂው ቅጼን በማይክራፎን አነበበ። "ጥሩር፣ በራሷ እጅ። ሰይፍ፣ በራሷ እጅ። ካባ፣ ከገበያ የተገዛ።" ሰው አጨበጨበ። ጥለቱ ከመብራቱ ሥር ያበራ ነበር። ምንም አላሸነፍኩም።

ስመለስ አስተባባሪውን በልቤ እየሰደብኩ መጣሁ። እስከ ሶዶ ከተማ ድረስ ስድቡ ይሠራ ነበር። ከሶዶ ወዲህ ግን አልሠራ አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ያ ልጅ አባቴን አያውቀውም። ያ ጋቢ የቀደደ ባለሥልጣንም አያውቀውም ነበር። የማውቀው እኔ ነኝ። አውቄው፣ ገበያ አልኩት።

አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ሲያየኝ መወርወሪያውን አቆመ። ስለ ጨርቁ ጠይቀው እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ፣ በጋሞኛ። እንደጠየቁ ነገርኩት። አንዲት ሴት ወደ ብርሃን ይዛ እንዳየችው፣ ጥገናውን አንድ በአንድ እንደቆጠረችው ነገርኩት። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

"ምን አልሽ?" አለኝ።

"አባቴ ነው የሠራው አልኳት።"

ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ፊቱን እንዳላይ ጎንበስ አለ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራችን ላይ ከጎረቤት ጋር ቆሞ ሲያወራ አገኘሁት። አዲስ አበባ፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ስሙን በማይክራፎን እንደጠሩት ይነግረዋል። ማይክራፎኑን እኔ አልነገርኩትም፤ ከራሱ የጨመረው ነው። ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞሮ እውነት ነው ወይ አለኝ። አባቴም ዞሮ አየኝ።

"እውነት ነው" አልኩ።